ግብጦን በአንድ ደቂቃ መመርመር ይቻላል? ከደንበጫ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ደንበጫ አካባቢ በማኅበር የተደራጁ ሴቶች ግብጦ ቆልተው፣ ተምጫ ወንዝ ላይ በጆንያ ነክረው፣ ምሬቱ ሲለቅ አድርቀውና አሽገው ባሕር ዳር ላሉ ሱቆች ማቅረብ ጀምረዋል። አንድ ነጋዴ «መርዙ መውጣቱን በላብራቶሪ አረጋግጡልኝ» አላቸው። የማኅበሩ ጸሐፊ የሆኑት ጠያቂዬ እንዲህ ይላሉ፦ «ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባል መሣሪያ ፍሬውን ሳይፈጩት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ውስጡ ያለውን ይለያል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ከሆነስ አሥር ፍሬ በፖስታ ብንልክ ይበቃል? እስካሁን የምንለየው በምላሳችን ነው። ማሸጊያው ላይስ ምን ብለን እንጻፍ?»

እውነት ነው፤ እንዲያውም ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይለያል። አሥር ፍሬ ግን አይበቃም። ለምን እንደማይበቃ ሳይገባችሁ የምርመራ ወረቀት ብትይዙ ወረቀቱ ነጋዴውንም እናንተንም ያዘናጋል። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ መሣሪያው ምን ፈልጎ እንዲያገኝልን እንደምንጠይቀው እንወቅ። ግብጦን የሚያመርሩት አልካሎይድ የሚባሉ ናይትሮጅን ያለባቸው ውህዶች ናቸው። ጎጃም ውስጥ በሚዘራው ነጭ ግብጦ ዋናው ሉፓኒን ነው፤ ከእሱ ጋር 13-ሃይድሮክሲሉፓኒን፣ አልቢን፣ መልቲፍሎሪን፣ አንጉስቲፎሊን፣ ጥቂት ስፓርቲንም ሊገኙ ይችላሉ። ጥሬው መራራ ፍሬ ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አልካሎይድ ይይዛል። ተክሉ እነዚህን የሚሠራው ተባይና እንስሳ እንዳይበላው ለመከላከል ነው። ሰው ላይ ደግሞ ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፍበትን የአሴቲልኮሊን ሥርዓት ይዘጋሉ። በደንብ ያልታጠበ ግብጦ በብዛት የበላ ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ እይታው ብዥ ይላል፣ ያዞረዋል፣ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ ሽንት እምቢ ይለዋል። ሕፃን ከሆነ ትንሹም መጠን ያሰጋል። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ሰው ወተት እየጠጣ ቤት መቆየት የለበትም፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ግብጦ መብላቱን ይናገር።

እናቶቻችን የሚሠሩበት ዘዴ ኬሚስትሪው ልክ ነው። እነዚህ አልካሎይዶች ሙቀት ይችላሉ፤ ስለዚህ መቁላት ብቻውን አያጠፋቸውም። በውኃ ግን ይሟሟሉ። የመቁላቱ ጥቅም ፍሬውን መግደሉና የሴሎቹን ሽፋን ማላላቱ ነው። ሕይወት ያለው ፍሬ አልካሎይዱን አጥብቆ ይይዛል፤ የተቆላው ወይም የተቀቀለው ግን ለውኃው ይለቃል። ወራጅ ውኃ ተመራጭ የሆነውም ለዚህ ነው፤ የቆመ ውኃ ውስጥ ፍሬውና ውኃው በአልካሎይድ ሲመጣጠኑ መውጣቱ ያቆማል፣ ውኃው ካልተለወጠ ቀን ቢቆጠር ዋጋ የለውም። በበርሜል በምትነክሩበት ጊዜ የመጀመሪያውን ውኃ ከብት እንዳይጠጣው ተጠንቀቁ፤ ከፍሬው የወጣው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

ስንት ቢቀር ይበቃል? አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ በግብጦ ምግቦች ላይ የሚሠሩበት ገደብ በኪሎ 200 ሚሊግራም ነው። በሌላ አነጋገር በ5 ኪሎ ውስጥ 1 ግራም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምገማ ደግሞ ስፓርቲንን መነሻ አድርጎ በሰው ላይ ለውጥ የታየበትን ዝቅተኛ መጠን በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.16 ሚሊግራም አድርጎ ወስዷል። እኔ ለእናንተ ሥራ የምጠቀመው የ200ን ገደብ ነው፤ ሕፃናት የሚበሉት ከሆነ ግን ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ ማየት እመርጣለሁ።

አሁን ወደ መሣሪያው። ማስ ስፔክትሮሜትር የሚመዝነው ሞለኪውልን ነው። ለመመዘን ደግሞ ሞለኪውሉ ከፍሬው ተላቆ ወደ ጋዝ መውጣትና የኤሌክትሪክ ቻርጅ መያዝ አለበት። በተለመደው መንገድ ናሙናው ይፈጫል፣ በአሟሚ ይወጣል፣ ይጣራል፣ ከዚያ በክሮማቶግራፊ ውህዶቹ አንድ በአንድ ተለያይተው ወደ መሣሪያው ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የግራሃም ኩክስ ቡድን፣ በ2005 ደግሞ ሮበርት ኮዲና ጄምስ ላራሚ ይህን ሁሉ ዝግጅት የሚዘልሉ መንገዶችን አሳተሙ። የኮዲና የላራሚ ዘዴ ዳርት ይባላል፤ ለግብጦ በጣም የሚስማማው እሱ ነው።

ዳርት የሚሠራው እንዲህ ነው። የሄሊየም ጋዝ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ውስጥ ሲያልፍ ከፍተኛ ጉልበት ይሸከማል። ጋዙ ተሞቆ፣ ብዙ ጊዜ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ፣ ክፍት አየር ላይ ወደተያዘው ናሙና ይነፍሳል። መንገድ ላይ አየር ውስጥ ያለውን የውኃ ተን ሲነካው ውኃው ፕሮቶን የምትባል ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላት ቅንጣት የሚያድል ይሆናል። ሙቀቱ ከናሙናው ያስነሣው ሞለኪውል ፕሮቶኑን ከውኃው ይነጥቃል፤ ቻርጅ ያዘ ማለት ነው፤ በጠባቧ ቀዳዳ ወደ መሣሪያው ይሳባል። አልካሎይዶች ፕሮቶን በመንጠቅ ኃይለኞች ናቸው። ስኳሩ፣ ፕሮቲኑና ቃጫው ብዙም ሳይሰማ ሉፓኒን ጎልቶ የሚወጣው ለዚህ ነው። የግብጦ ዱቄት በመስታወት ዘንግ ጫፍ ነክታችሁ በጋዙ ፊት ብትይዙት ሰከንዶች ሳይቆዩ ስክሪኑ ላይ ክብደቱ 249.196 የሚል መስመር ይቆማል፤ ያ ሉፓኒን ከነፕሮቶኑ ነው። አጠገቡ 265.191 ከታየ 13-ሃይድሮክሲሉፓኒን ነው፤ 233.165 ደግሞ አልቢን።

ከነጥብ በኋላ ያሉት አኃዞች ጌጥ አይደሉም። ስፓርቲንና አንጉስቲፎሊን በሙሉ ቁጥር ብቻ ሲመዘኑ ሁለቱም 235 ናቸው። በትክክል ሲመዘኑ ግን ስፓርቲን 235.217፣ አንጉስቲፎሊን 235.181 ይሆናሉ፤ ልዩነታቸው 0.036 ብቻ። ጥራቱ ከፍ ያለ መሣሪያ ይለያቸዋል፣ ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚያነብ መሣሪያ ግን አንድ ናቸው ይላል። ከዚህ የባሰ ምሳሌ አለ፤ እናንተን በቀጥታ ሊነካችሁ ስለሚችል እናገረዋለሁ። ሱዳን 1 የሚባል በምግብ ውስጥ የተከለከለ ቀይ ማቅለሚያ አለ፤ በርበሬ ለማቅላት ሲጨመር በብዙ አገሮች ተይዟል። የእሱ ሞለኪውል ከነፕሮቶኑ 249.102 ይመዝናል። ሉፓኒን 249.196። ግብጦው የገበያ በርበሬ በተፈጨበት ወፍጮ ተፈጭቶ ቢላክና መሣሪያው 249ን ብቻ የሚያነብ ቢሆን፣ በርበሬው ላይ የነበረ ማቅለሚያ እንደ ግብጦ ምሬት ሊቆጠርባችሁ ይችላል። የተገላቢጦሹም ያው ነው። ስለዚህ ናሙናችሁን የጋራ ወፍጮ ቤት አትፍጩ።

በትክክል መመዘንም የማይፈታው ነገር አለ። አይሶሉፓኒን የሚባለው የሉፓኒን ዘመድ አተሞቹ በቁጥርም በዓይነትም አንድ ናቸው፤ አቀማመጣቸው ብቻ ይለያያል። ሚዛን አይለያቸውም፤ ክሮማቶግራፊ ግን ይለያቸዋል። ለግብጦ ይህ ብዙ አያስጨንቅም፣ ሁለቱንም ደምረን ከገደቡ ጋር ስለምናወዳድር። ለጓያ ግን ያስጨንቃል፤ እግር የሚያሽመደምደው ቤታ-ኦዳፕና ጉዳቱ አነስተኛ የሆነው አልፋ-ኦዳፕ ክብደታቸው አንድ ነው፣ ስለዚህ ጓያን በዚህ ፈጣን ዘዴ ብቻ ፈትሾ ፍርድ መስጠት አይገባም። በበርበሬና በኦቾሎኒ ላይ የሚመጣው አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ደግሞ የሚለካው በኪሎ በማይክሮግራም ስለሆነ ሳይጣራ በቀጥታ ማንበቡ አስተማማኝ አይሆንም። ፈጣኑ ዘዴ ለሁሉም አይሆንም፤ ግብጦ ዕድለኛ ነው።

ወደ አሥሩ ፍሬ ልመለስ፤ የምላሼ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው።

ዳርት የሚያነበው ጋዙ የነካውን ብቻ ነው። ሙሉ ፍሬ ብትይዙለት ላዩን ያነባል። በውኃ የታጠበ ፍሬ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠራው ላዩ ነው፤ ምሬቱ መጨረሻ የሚለቀው ከመሐሉ ነው። ስለዚህ ሳይፈጭ የተመረመረ ግብጦ ከእውነተኛው ይልቅ ንጹሕ መስሎ ይታያል። «ሳይፈጩ» የሚለው የዘዴው ማስታወቂያ ለቅጠል ወይም በልጣጭ ላይ ላለ ፀረ ተባይ ሊሆን ይችላል፤ ለእናንተ ግን አይሆንም። ፍሬው ይፈጭ።

ሁለተኛው ነገር ቁጥሩ ነው። አንድ ያልታጠበ ፍሬ 2 በመቶ አልካሎይድ ቢይዝ በኪሎ 20,000 ሚሊግራም ማለት ነው። ከመቶ ፍሬ 99ኙ ፍጹም ንጹሕ ሆነው አንዱ ብቻ ሳይታጠብ ቢገባ፣ አማካዩ በኪሎ 200 ሚሊግራም ይሆናል፤ ልክ ገደቡ ላይ። እንዲህ ያለ ፍሬ እንዴት ይገባል? ጆንያው ሲታሰር ከአፉ አካባቢ ከውኃው በላይ የቀረ ይኖራል። ጆንያው ሲጠቀጠቅ መሐል ያለው ውኃ አይደርሰውም። ሲሰጣም ጥሬ ግብጦ ከነበረበት ሰሌን ላይ ይቀላቀላል። አሁን ከዚህ ምርት አሥር ፍሬ ብትዘግኑ ያ መራራው ከመካከላቸው የማይገኝበት ዕድል 90 በመቶ ነው። ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን መሣሪያው «ንጹሕ ነው» ይላችኋል፤ መሣሪያውም አልዋሸም። በምላስ ስትቀምሱም ያው ነው፤ በዚያ ላይ ምላስ አንድ መራራ ከቀመሰ በኋላ ይደነዝዛል። ወጥ ሳያማስሉ ከላይ ጠብታ ቀምሶ ስለ ጨው መፍረድ ነው። ያንኑ መራራ ፍሬ ከ20 ጊዜ 19ኙን ለመያዝ 300 ያህል ፍሬ መውሰድ ያስፈልጋል።

ስለዚህ አወሳሰዱ እንዲህ ይሁን። በአንድ ዙር ከተቆላና ከተነከረ ምርት፣ ከደረቀ በኋላ፣ ከእያንዳንዱ ጆንያ ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታችና ከአፉ አካባቢ ዝገኑ፤ በድምሩ 2 ኪሎ ያህል ይሁን። ንጹሕ ሸራ ላይ አፍስሱና በደንብ አደባልቁ፤ ክምሩን በመስቀል ለአራት ክፈሉ፤ ትይዩ ያሉትን ሁለቱን ወስዳችሁ ሌሎቹን መልሱ፤ ግማሽ ኪሎ እስኪቀር ይህን ድገሙት። ግማሽ ኪሎው ሁሉ ይፈጭ፤ ከፊሉን ብቻ መፍጨት ልፋቱን ከንቱ ያደርገዋል። ሌላ ነገር ያልተፈጨበት የቤት መፍጫ ይሻላል፤ ላብራቶሪው ራሱ የሚፈጭ ከሆነም ግማሽ ኪሎው ሁሉ እንዲፈጭ በጽሑፍ ጠይቁ። ዱቄቱን ለሦስት ከፍላችሁ አንዱን ላኩ፣ ሁለቱን አሽጋችሁ ቀኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ነጋዴው ቢከራከር ማስረጃችሁ እሱ ነው። ከዚሁ ዙር ያልተነከረ ጥሬ ግብጦም ለብቻው አብራችሁ ላኩ፤ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ይታያል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነገር እርጥበት ነው። ከውኃ የወጣ ግብጦ ሲመዘን ከግማሽ በላይ ክብደቱ ውኃ ነው። 65 በመቶ ውኃ የያዘ ናሙና በኪሎ 150 ሚሊግራም ቢያሳይ ከገደቡ በታች ይመስላል። ውኃው ሲወጣ ግን ያው አልካሎይድ በ350 ግራም ደረቅ ፍሬ ላይ ነው ያለው፤ በደረቅ ክብደት ሲሰላ በኪሎ 429 ሚሊግራም ገደማ፣ ከገደቡ እጥፍ በላይ ነው። እናንተ የምትሸጡት ደረቁን ስለሆነ ውጤቱ በደረቅ ክብደት ይጻፍ።

ከላብራቶሪው ጋር ስትነጋገሩም አትፈሩ፤ ጥያቄ የሚያበዛ ደንበኛ ጥሩ ሠራተኛን ያስደስታል። ዳርት መጠን ሲለካ ሸካራ ነው፤ ዘንጉ ትንሽ ሲጠጋ ወይም ሲርቅ፣ ዱቄቱ ሲበዛ ወይም ሲያንስ ምልክቱ ይለዋወጣል። ይህን የሚያስተካክለው ወደ ናሙናው የሚጨመር መጠኑ የታወቀ ሌላ ውህድ ነው፤ ግብጦ ውስጥ ስለሌለ ካፌይን ለዚህ ሊያገለግል ይችላል፣ ሉፓኒኑ የሚነበበው ከእሱ አንጻር ነው። ይህን ያደርጋሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መጠኑ የታወቀ ሉፓኒን ንጹሕ ዱቄት ላይ ጨምረው ሲለኩ ስንቱን መልሰው እንደሚያገኙትም ጠይቁ፤ 100 ጨምረው 90 ካገኙ ደኅና ነው፣ 30 ካገኙ ግን የእናንተም ውጤት በዚያው ልክ ጎድሎ ይወጣል። መራራ ናሙና ካነበቡ በኋላ ባዶ ዘንግ ይይዛሉ ወይ? ሉፓኒን መሣሪያው ውስጥ ተርፎ ቀጣዩን ናሙና መራራ ሊያስመስል ይችላልና። የደመሩት የትኞቹን አልካሎይዶች እንደሆነም ወረቀቱ ላይ ይዘርዝሩ፤ ሉፓኒንን ብቻ ለክቶ «ጠቅላላ አልካሎይድ» ብሎ መጻፍ ልክ አይደለም።

ይህ ሁሉ ሆኖ የሄሊየም ሲሊንደሩ ከውጭ የሚገባ ነው፣ መሣሪያውም ውድ ነው፤ እንደ ሚዛን በየከተማው አይገኝም። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች የኬሚስትሪና የምግብ ክፍሎቻቸውን፣ ግብጦን በሚያውቀው በአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ያሉትን ባለሙያዎችም በስልክ ወይም በአካል ጠይቁ። ዳርት ከሌላቸው አትዘኑ። በጋዝ ክሮማቶግራፊ ወይም በሊኩዊድ ክሮማቶግራፊ ከማስ ስፔክትሮሜትር ጋር የተለካ ውጤት ይዘገያል እንጂ ለነጋዴው በወረቀት የሚሰጠው እሱ ነው። ዳርት ቢኖርም የምመክረው ይህንኑ ነው፦ ፈጣኑ ብዙ ዙሮችን አበጥሮ የተጠረጠረውን ይለይ፣ የምስክር ወረቀቱን ቁጥር ግን ክሮማቶግራፊው ይስጥ።

በየዙሩ ላብራቶሪ መላክ አቅም ይፈልጋል። በመካከል ራሳችሁ የምታደርጉት አንድ ፍተሻ ላሳያችሁ። አዮዲን በፖታሲየም አዮዳይድ ውስጥ የተሟሟበት ሉጎል የሚባል ፈሳሽ አለ። ሦስት ግልጽ ብርጭቆ ያዙ። በአንዱ ጥሬ ግብጦ ተፈጭቶ የፈላበትን ውኃ አጣርታችሁ አድርጉ፣ በሁለተኛው የታጠበው ተፈጭቶ የፈላበትን፣ በሦስተኛው ንጹሕ ውኃ። የዱቄቱና የውኃው መጠን በሁለቱ እኩል ይሁን። ሲቀዘቅዝ በእያንዳንዱ እኩል ጠብታ ሉጎል ጨምሩ። አልካሎይድ ያለበት ቀይ ቡናማ ሆኖ ይደፈርሳል፤ የጥሬው በጉልህ ይታያል። ሁለተኛው ወደ ጥሬው ካደላ ግብጦው ወደ ወንዙ ይመለስ። ባቄላ ወይም አተር ቢሆን ስታርቹ ከአዮዲኑ ጋር ሰማያዊ ሆኖ ያምታታ ነበር፤ ግብጦ ግን ስታርች የለውም ማለት ይቻላል። ሰማያዊ ካያችሁ ሌላ እህል ተቀላቅሏል። ፕሮቲንም ትንሽ ሊያደፈርስ ስለሚችል ይህ ፍተሻ «መልሱ» ለማለት ይበቃል፣ «ሽጡ» ለማለት አይበቃም። የፈተሻችሁበትን ብርጭቆ ለመጠጥ አትጠቀሙበት፣ ፈሳሹንም ከልጆች አርቁ። ፈጣን ምርመራ በማሽን ብቻ የመጣ አይደለም፤ ጀርመናዊው ራይንሆልድ ፎን ዜንግቡሽ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ከመራራ ግብጦዎች መካከል ጣፋጮቹን ነጥሎ ያወጣው ለብዙ ተክል በሚሆን ቀላልና ፈጣን የኬሚካል ፍተሻ ነበር።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አልካሎይዱን የሚያነብ መሣሪያ ወንዙ ውስጥ ያለውን ጀርም አያይም። ላይኛው መንደር ከብት የሚያጠጣበትና ልብስ የሚያጥብበት ውኃ ውስጥ ቀናት የከረመ ፍሬ ምሬቱ ቢወጣም ሆድ ሊያሳምም ይችላል። የመጨረሻው እጥበት በንጹሕ ውኃ ይሁን፣ ከዚያ ተፈልቶ ወዲያው በደንብ ይድረቅ። ማዳበሪያ ወይም ፀረ ተባይ የነበረበት ጆንያም ለመንከሪያ አይሁን፤ ምንም ያህል ቢታጠብ።

ማሸጊያው ላይ «ከመርዝ ነጻ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ያንን የሚል ቁጥር የለም። የዙሩን ቁጥር፣ የተቆላበትንና የደረቀበትን ቀን፣ «ጠቅላላ አልካሎይድ በደረቅ ክብደት በኪሎ ይህን ያህል ሚሊግራም» የሚለውን ውጤትና የተመረመረበትን ዘዴ ጻፉ። ከዚያ ሥር ጎላ ባለ ፊደል «ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ግብጦም ላይስማማው ይችላል» የሚል ይጨመር፤ የሁለቱ ፕሮቲኖች ስለሚመሳሰሉ በአውሮፓ ኅብረት ግብጦ በማሸጊያ ላይ መገለጽ ካለባቸው አለርጂ ቀስቃሾች አንዱ ነው። የዙሩ ቁጥር ከላብራቶሪው ወረቀትና ከታሸገው ተቀማጭ ናሙና ጋር አንድ መሆኑን እርስዎ ራስዎ እንደ ጸሐፊነትዎ በመዝገብ ይያዙት። ውጤቱ ለዚያ ዙር ብቻ ስለሆነ፣ ለሚቀጥለው ዙር የድሮውን ወረቀት አያያይዙ።